ጥቁሯን ብስክሌት የመረጥኩ ቀን

ብስክሌት ልገዛ ነው ብሎ የሚያማክረኝ ሰው አያልቅም። ደጄ ላይ ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ «አባባ፣ ለጥርጊያ መንገዱም ለእግር መንገዱም የሚሆን የትኛው ነው?» ይለኛል። እኔም ጎማ እየለጠፍኩ እመልስለታለሁ። ጎማው ከአውራ ጣትህ ሰፋ ይበል፤ መሪው ቀጥ ያለ ይሁን፤ ኮርቻው ላይ ተቀምጠህ የእግርህ ጫፍ መሬት ይንካ፤ ፍሬኑን ቁልቁለት ላይ ሳትሞክር እንዳትገዛ እለዋለሁ። ይኼን ሁሉ ካስለፈለፈኝ በኋላ «እስቲ ትንሽ ላስብበት» ብሎ ሊሄድ ሲል ግን ደሜ ይፈላል። «ምኑን ነው የምታስበው!» ብዬ እጮኽበታለሁ። ሰፈሩ ውስጥ ሽማግሌው ገበያ ስለጠፋበት ነው የሚጮኸው ይባላል። ይባል። እናንተ ግን ቁጭ በሉና ስሙኝ፤ ለምን እንደምጮኽ ልንገራችሁ።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሁለት ክረምት አልፏል። እኔ ሃያ ሦስት ወይ ሃያ አራት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ድቁናውን ጀምሬ የተውኩ፣ ሚስት ያላገባሁ፣ አንድ ጣሊያን ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ተቀጥሬ የምሠራ ጎረምሳ ነበርኩ። ሰውየውን ሲኞር ቤርቶ እንበለው። በጠባዩ ክፉ አልነበረም፤ ከማን ጋር እንደመጣ ግን ሁላችንም እናውቃለን። እሱ ዘንድ መሥራቴ ብቻውን ከሰው አራቀኝ። ቤተ ክርስቲያን ስቆም አጠገቤ ያለው ሰው ቀስ ብሎ ፈቀቅ ይላል። ጠላ ቤት ስገባ ጨዋታው ይቆማል። ፊት ለፊት ባንዳ ብሎ የሰደበኝ የለም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ተጣልተን እንነጋገር ነበር። ከሥራ ወጥቼ እስክተኛ ድረስ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ያለፉ ቀኖች ብዙ ናቸው።

በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው ነበረኝ፤ ታላቅ እኅቴ ውባለም። እኔ እታለም ነው የምላት። እናትና አባታችን በአንድ ክረምት ሲሞቱብን እኔ ገና የወተት ጥርሴን አልጣልኩም ነበር። አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቤቷ ጥርጊያው ላይ ካለችው ከአምበር ወደ ቁይ በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ነው፤ ከጥርጊያው ተገንጥሎ ግማሽ ቀን ያህል ይኬዳል። ባሏ ጣሊያን ሲገባ ጠመንጃውን አንግቶ ዱር ገባና በዚያው ቀረ። ልጅ አልነበራቸውም። እሷ እኔን፣ እኔ እሷን ይዘን ቀረን።

ወደ ከተማ ስገባ ከውርንጭላነቷ ያሳደገቻትን በቅሎ ሰጠችኝ። «እንዳትጠፋብኝ ነው። በየወሩ እየጋለብክ ናልኝ» አለችኝ። እኔስ ምን አደረግሁ? ብስክሌት አየሁና ልቤ ሸፈተ፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በቅሎዋን ሸጥኩ። በቅሎ ቀኑን ሙሉ የምትሄደውን ብስክሌት በግማሽ ቀን ትጨርሰዋለች፣ እንዲያውም በየሳምንቱ እመላለሳለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ለእታለምም በገበያተኛ ላኩባት፤ «የብረት በቅሎ ልገዛ ነው፤ ለመስቀል በእሷ ነው የምመጣው» አልኳት።

ሲኞር ቤርቶ ዘንድ የሚሸጡ ሦስት ብስክሌቶች ነበሩ። አንደኛዋ ቀይ ናት። ጎማዋ ቀጭን፣ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ቁልቁል የታጠፈ፣ ስታዩዋት ምራቅ የምታስውጥ። ጥርጊያው ላይ ስነዳት ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ከከተማው በታች ባለው የከብት መንገድ ላይ ስሞክራት ግን ገና የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ጎማዋ ፉሽ አለ። ሁለተኛው የወታደር ነው፤ ጎማው ወፍራም፣ ብረቱ ድፍን፣ ድንጋዩን እየረገጠ የሚያልፍ። ዳገት ላይ ግን ተሸካሚው ሰውየው ነው። ሦስተኛዋ ጥቁር ናት። ጎማዋ መካከለኛ፣ መሪዋ ቀጥ ያለ፣ ቀለሟ የተላላጠ፣ የኮርቻዋ ቆዳ የተሰነጣጠቀ። ጥርጊያው ላይ ቀይዋን ያህል አትሮጥም፣ ድንጋይ ላይ የወታደሩን ያህል አትደፍርም፤ ሁለቱም ቦታ ላይ ግን ትሄዳለች።

ዓይን ያለው ሰው ጥቁሯን ይዞ ይሄዳል። እኔ ግን ጠዋት ቀይዋን አልኩ፣ ማታ የወታደሩን አልኩ። ጥቁሯን ስነዳ ሰው ዞሮ አላየኝማ! ሰው የሚያየኝ እንደዚያ ርቦኝ ነበር። በየቀኑ አንዷን አወጣለሁ፣ እሞክራለሁ፣ እመልሳለሁ። ሲኞር ቤርቶ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ «አንዳርጌ፣ አንተ ሚስት እንዲህ ፈልግ፣ ሳታገባ ሽማግሌ ነህ!» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

መስቀል አለፈ። እታለም «ምን ሆነህ ቀረህ?» ብላ ላከችብኝ። እኔም፣ «መንገዱ ነው ያስቸገረኝ። እስከ አምበር ደኅና ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ድንጋይ ብቻ ነው። የብረት በቅሎ ድንጋይ አትወድም። ድንጋይ የምትችለውን እየመረጥኩልሽ ነው፤ ታገሺኝ» ብዬ መለስኩላት። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ቀይዋን መተው ስላቃተኝ ነው። እንዲህ እያልኩ ጥቅምትም አለቀ። በቅሎም የለኝ፣ ብስክሌትም የለኝ።

ኅዳር በገባ በጥቂት ቀን፣ ጠዋት፣ ጎማ ውኃ ውስጥ ነክሬ ቀዳዳውን ስፈልግ በሩ ላይ ጥላ አረፈብኝ። ቀና ብል አያ ፈንቴ ናቸው፤ የእታለም ጎረቤት፣ እኔንም በልጅነቴ ፈረስ ግልቢያ ያስተማሩኝ ሰው። እስከ ጉልበታቸው አቧራ ለብሰዋል።

«አያ ፈንቴ! እንዴት አደሩ? ምን እግር ጣለዎት?»

«እግዜር ይመስገን። አንተ ደኅና ነህ?»

«ደኅና ነኝ። እታለምስ ደኅና ናት?»

በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «ትንሽ አሟታል። ልውሰድህ ብዬ ነው የመጣሁት፤ ተነሥና አብረን እንሂድ።»

«ምኗን ነው?»

«ውጋት ብጤ ነው።»

«እህል ትቀምሳለች? ማን አለ ከእሷ ጋር?»

«አይዞህ፤ ሰው ከእሷ አልተለየም» አሉኝ። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ አልነበረም።

ጎማውን ውኃው ውስጥ ጥዬ ወደ ውስጥ ሮጥኩ። ሁለት ወር ሙሉ ያልመረጥኩትን በአንድ ትንፋሽ መረጥኩ። ቀይዋን አላየኋትም፤ ጥቁሯን መሪዋን ይዤ ወጣሁ። ከበቅሎዋ ያገኘሁትን እንዳለ ለሲኞር ቤርቶ ሰጠሁት። እሱም ፊቴን አይቶ ኮርቻውን ዝቅ አደረገልኝ፣ የጎማ መንፊያውን አሰረልኝ፣ የመጠገኛ ላስቲክና ማጣበቂያ በጨርቅ ቋጠረልኝ፣ ለኬላ የሚሆን ወረቀት ጻፈልኝ።

አያ ፈንቴ ብስክሌቷን ሲያዩ ደነገጡ። «ምን ልታደርጋት ነው?»

«ልሄድባት ነዋ!»

«ተዋት። በእግራችን፣ እያወጋን እንሂድ።»

«አያ ፈንቴ፣ እታለም ታማ እኔ እያወጋሁ በእግሬ ልሂድ?»

መሪዋን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። «ስማኝ ልጄ። ብቻህን መሄድ የለብህም።»

«አርበኛ ያገኘኛል ብለው ፈርተው ነው?»

«እሱን አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

መሪዋን ይበልጥ ጠበቅ አደረጉት። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልነበረኝም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የእኒያን ሽማግሌ ጣቶች አንድ በአንድ ከመሪው ላይ አላቅቄ ተፈናጠጥኩባት። «ቆይ! ቆይ አንተ ልጅ! አብረን ነው የምንሄደው!» እያሉ ሲሮጡ ሰማኋቸው። ድምፃቸው ከከተማው መውጫ ድረስ ተከተለኝ። ዞሬ አላየሁም።

ኬላው ላይ ያለው አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ ወረቀቴን ገልብጦ አየና አሳለፈኝ። ከዚያ ወዲያ ጥርጊያው ብቻ ነው። ከግራ ከቀኝ ኑጉ ቢጫ ሆኖ ያበራል፤ የጮቄ ተራራ ከላይ ደመና ለብሶ ተቀምጧል። አንድም መኪና አላለፈኝም። የጥቁሯ ሰንሰለት ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማኝ። እንዲያ ዓይነት ብቸኝነት ውስጥ ሆኜ አላውቅም። ከእታለም ጋር በሆዴ ማውራት ጀመርኩ። «ዛሬውኑ እገባለሁ፤ ማታ እግርሽ ሥር ነኝ። ብትቆጪኝም ተቆጪኝ፤ ብቻ ጠብቂኝ» እላታለሁ። ዳገት ላይ ወርጄ እየገፋሁ እሮጣለሁ፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳልይዝ እለቃታለሁ። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ ውስጤ ትንሽ ኩራት ነበር። አያ ፈንቴ ቀን ተኩል የፈጁበትን እኔ በአንድ ቀን ልጨርሰው ነው። በደኅና ጊዜ መርጬ ቢሆን እያልኩ ግን ጥርሴን እነክሳለሁ።

አምበር ስደርስ ፀሐይ ከአናት ዘንበል ብላለች። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ለካ ባዶ እጄን ነው የወጣሁት! ለውጋት ማር ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቼ አውቃለሁና ማር ልገዛ ወረድኩ። ብስክሌቷን እየገፋሁ ገበያው ውስጥ ስገባ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጸጥ አለ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዲቱ ማር ሻጭ ፊት ቆምኩ።

«እናቴ፣ ማር ስጪኝ። የታመመች እኅት አለችኝ።»

ሴትየዋ አየችኝ፣ ብስክሌቷን አየች፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። «ማር የለኝም።»

ገንቦው እኮ ፊቷ ተቀምጧል! ንቡ ሲዞረው አያለሁ። «ይኼ ምንድን ነው ታዲያ?»

«የለኝም አልኩህ፤ ሂድልኝ» አለችና ፊቷን አዞረች።

እዚህም ደርሷል ማለት ነው አልኩ፤ የጣሊያን አሽከር መሆኔን ብስክሌቷ አሳብቃብኛለች። ለታመመ ሰው እንኳ ማር የማይሸጡልኝ ከሆነ ከዚህ በላይ ምን ሊጠሉኝ ነው? ልወጣ ስል አንድ ጢማም ሰውዬ መንገዴ ላይ ቆሙ።

«ፈንቴስ? ፈንቴ የት ቀረ?»

«ከተማ ትቻቸው መጣሁ። የት ያውቋቸዋል?»

ሰውየው ጭናቸውን መቱ። «ብቻህን ለቀቀህ? ኧረ ተው! ከትናንት ወዲያ እኮ እዚሁ እኔ ዘንድ ነው ያደረው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዛሬ እዚህ እደር። ፈንቴ ሲደርስ አብረን እንሸኝሃለን» አሉኝ። ሌሎችም መጥተው ከበቡኝ። አንዱ የብስክሌቷን ኮርቻ ያዘ። የማንም ፊት አይስቅም፣ የማንም ዓይን ዓይኔን አያይም። ሊያሳድሩኝ የፈለጉት ለአርበኛ አሳልፈው ሊሰጡኝ ነው ብዬ ቆረጥኩ። ኮርቻውን ነጠቅሁና ሰው እየገፈተርኩ ወጣሁ። ማንም አልተከተለኝም። ከኋላዬ የሰማሁት አንዲት ሴት «ወይኔ ልጄን!» ስትል ብቻ ነው፤ ለማን እንደሆነ አልገባኝም።

የእግር መንገዱ ያው እንደማውቀው ነው፤ ክረምት ያጠበው፣ ድንጋዩ ያፈጠጠ። ጥቁሯ ግን አላሳፈረችኝም። ቀይዋን ይዤ ቢሆን ሁለት መቶ እርምጃ አልሄድም ነበር። የሚነዳበትን ነዳሁ፣ የማይነዳበትን ተሸከምኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ እሾኽ የኋላውን ጎማ ወጋው። ወንዝ ዳር ተቀምጬ ከመነዳሪውን፣ የውስጡን ላስቲክ፣ አወጣሁና ውኃ ውስጥ ነከርኩት። ቀዳዳው አረፋ ሲተፋ አገኘሁት። ሁልጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ የምለጥፈውን ጎማ ሁለት ጊዜ አበላሸሁት። አጠገቤ «በርታ» የሚል አንድ ሰው ቢኖር ምናለ አልኩ። ከወንዙ ድምፅ በቀር ምንም የለም። በሦስተኛው ያዘልኝ። እንባዬን ዘይት በነካው እጄ ጠርጌ ተነሣሁ፤ ፊቴ ምን እንደመሰለ እግዜር ይወቀው።

ፀሐይ ልትገባ ትንሽ ሲቀራት ከቁጥቋጦው ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቅ አሉ። ጠጉራቸው ጎፍሯል፤ ጠመንጃቸው እኔ ላይ ነው። አለቀልኝ አልኩ። በእጄ ያለው የጣሊያን ብስክሌት፣ በኪሴ ያለው የጣሊያን ወረቀት። ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

«ቁም! ማነህ? የማን ልጅ ነህ?»

«አንዳርጌ እባላለሁ። የውባለም ወንድም ነኝ። እኅቴ ታማ...»

ቃሌን አልጨረስኩም። ሁለቱ ተያዩ። ትልቁ ጠመንጃውን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገና አፈሙዙን ወደ መሬት ገለበጠው። «ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ፈንቴስ?»

ያም ፈንቴ፣ ይኼም ፈንቴ! «ከኋላ ናቸው» አልኩ። ብስክሌቷን አልጠየቁኝም። ኪሴን አልፈተሹም። ታናሹ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ከእንግዲህ መሽቷል፤ አያ ቸኮል ቤት ነው የምታድረው። እኛ እናደርስሃለን» አለኝ።

«ቤቷ እኮ ከዚያ ማዶ ነው! ደርሻለሁ እኮ!»

«ማታ መሻገር አይፈቀድም። ትእዛዝ ነው» አለ ትልቁ። ድምፁ ግን የሚያዝ ሰው ድምፅ አልነበረም።

አያ ቸኮል የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ቤታቸው ከእታለም ቤት ፊት ለፊት፣ ከሸንተረሩ ወዲህ ነው። እግሬን አሳጠቡኝ፣ ምግብ አቀረቡልኝ። አልወርድ አለኝ። «ዛሬስ እንዴት ዋለች?» ስላቸው፣ «ሰው ሁሉ እሷ ዘንድ ነው የዋለው። በል ብላ ልጄ፤ ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን» አሉኝ። ሚስታቸው ወጣ ገባ ትላለች እንጂ አጠገቤ አትቀመጥም። የት እንዳለሁ እያወቅሁ የት እንዳለሁ የጠፋኝ ያኔ ነው። ባደግሁበት መንደር፣ በማውቃቸው ሰዎች መካከል ተቀምጬ አንድም ሰው ፊቴን የማያየኝ። ጋቢ አልብሰውኝ ተኛሁ። ድካም አይምርም፤ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሊነጋ ሲል አያ ቸኮል ቀሰቀሱኝ። ስወጣ ግቢው ሙሉ ሰው ነው። ወንዶቹ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ሴቶቹ መቀነታቸውን ደረታቸው ላይ አስረዋል። ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ አያ ፈንቴ ተቀምጠዋል። ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው መድረሳቸው ነው፤ ተረከዛቸው ተሰነጣጥቆ ይደማል። ሲያዩኝ ሊነሡ ሞክረው አቃታቸው።

አያ ቸኮል ክንዴን ያዙ። «አንዳርጌ፣ ወንድ ሁን። እኅትህን እግዜር ከወሰዳት ዛሬ አምስት ቀኗ ነው።»

እናንተ ገና አያ ፈንቴ ደጄ ላይ ሲቆሙ ነበር የገባችሁ። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። በአገራችን ሰው ቀን ተኩል በእግሩ ተጉዞ መጥቶ «ትንሽ አሟታል» ካለ፣ የታመመ የለም፤ ያለው የሞተ ነው። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ለብቸኛ ሰውም አይነገርም። መርዶኛው ሰውየውን እያጫወተ፣ እያደከመ፣ ከወገኑ መካከል ያደርሰዋል፤ ጠዋት፣ ሽማግሌ ባለበት፣ የሚደግፍ ክንድ ባለበት ይነገረዋል። አያ ፈንቴ የመጡት ለዚህ ነበር። ለመንገር ሳይሆን አብረውኝ ለመሄድ። እኔ ደግሞ ብስክሌት አለኝ ብዬ ትቻቸው ሮጥኩ። ከአያ ፈንቴ ሰምታ የነበረችው ያቺ ማር ሻጭ ለሞተ ሰው መድኃኒት ልትሸጥልኝ እንዴት ይቻላት? ያ ሁሉ ያዞረው ፊት ጥላቻ አልነበረም። እንባውን እየደበቀኝ ነበር። እኔ ግን ሰው ፊቱን ሲያዞርብኝ ስለኖርኩ ሌላ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል ረስቼው ነበር።

እንዴት እንደጮኽኩ አላውቅም። መሬት ላይ እንደነበርኩና አያ ፈንቴ በዚያ እግራቸው ድኸው መጥተው ራሴን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉት ብቻ አስታውሳለሁ። «ልይዝህ ብል አልሆነልኝም፤ ብረቱ ፈጠነብኝ። ይቅር በለኝ ልጄ» ይሉኛል። እሳቸው እኔን ይቅር በለኝ!

ፀሐይ ስትወጣ ወደ እታለም ቤት ተነሣን። ብስክሌቷን ያመጣልኝ ማን እንደሆነ አላየሁም፤ መሪዋን እጄ ላይ አገኘሁት። ከአያ ቸኮል አጥር እንደወጣን መንገዱ ተለወጠ። ድንጋይ የለበትም። ጉድጓዱ በአፈር ተደፍኗል፣ እሾኹ ተመልምሏል፣ የተለቀመው ድንጋይ ከግራና ከቀኝ ተደርድሯል። ስፋቱ የብስክሌት ጎማ የሚያህል አይደለም፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስኬድ ነው። በሸንተረሩ ላይ እየተጠመዘዘ እስከ እታለም ደጅ ድረስ ይታያል።

ከጎኔ ወይዘሮ ጥሩአለም ነበሩ፤ ከእታለም ጋር አጥር የሚጋሩ። «ይኼን ማን ጠረገው?» አልኳቸው።

«እኅትህ ናት» አሉኝ። «ከመስቀል ወዲህ ነው የጀመረችው። ጠዋት ጠዋት ቅርጫቷንና ዶማዋን ይዛ ትወጣለች። ‹ወንድሜ የብረት በቅሎ ድንጋይ አትወድም ብሎኛል› ትለናለች። እናግዝሽ ስንላት እንቢ አለች፤ የእናንተ እህል ይሰብሰብ አለች። እንዲያው ምን ያደክምሻል፣ መንገዱ እስከ አምበር ድንጋይ አይደለም ወይ ስላት፣ ‹እስከ አምበርስ አልችለውም። እሱ መርጦ ይመጣል። ደጄ ሲደርስ እንዳይወድቅብኝ ነው እንጂ› አለችኝ። እዚያች ወይራ ዘንድ ስትደርስ ያለ ጊዜው ዝናብ ያዛት። ማግሥቱን ውጋቱ ጀመራት።»

ውጋት ነው የገደላት ይላሉ። እኔ የገደላትን አውቃለሁ። ሁለት ወር ቀይዋንና የወታደሩን ሳወጣና ሳስገባ፣ እሷ ከመስቀል ጀምሮ ጎንበስ ብላ ድንጋይ ስትለቅም ነበር። መሪውን ለቅቄ መንገዱ ላይ ልቀመጥ ጎንበስ አልኩ።

ወይዘሮ ጥሩአለም ብብቴን ይዘው አቆሙኝ። «ለምን ትገፋታለህ? ውጣባት።»

«በለቅሶ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ለዚህ ብላ እኮ ነው የጠረገችው አንተ!»

ዞሬ ሰዉን አየሁ። ጠመንጃቸውን የዘቀዘቁት ሁለቱም አርበኞች አሉበት። የጣሊያን ዕቃ ሲያዩ የሚተኩሱ ሰዎች ናቸው። አያ ቸኮል በራሳቸው ንቅናቄ «ሂድ» አሉኝ። ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ለቀቀልኝ።

ወጣሁ። ፔዳሉን ረገጥኩ። ያቺ ጥቁር ብስክሌት ከደብረ ማርቆስ ጀምሮ ስትንገጫገጭብኝ የመጣች፣ እዚያ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አልነጠረችም። ድምፅ የላትም። ከኋላዬ የሴቶቹ ዋይታ ይሰማኛል፤ እየራቅሁት ሄድኩ። እንባዬ ዓይኔን ጋርዶት መንገዱን አላየውም፤ ማየትም አላስፈለገኝም። ወይራዋን አለፍኩ። ከወይራዋ ወዲያ ያለውን ጥቂት መንገድ መንደርተኛው ከቀብሯ በኋላ ጨርሶላት እንደነበረ በኋላ ነው የሰማሁት። ደጇ ላይ ከሁሉም ቀድሜ ብቻዬን ደረስኩ። በሩ ተዘግቷል። ፍሬን ያዝኩና እግሬን መሬት ላይ አደረግሁ። አልወደቅሁም።

እንግዲህ ይኼ ነው። ወደ ሲኞር ቤርቶ አልተመለስኩም። ጣሊያን ወጣ፣ እኔም የራሴን ጠጋኝ ቤት ከፈትኩ፣ አረጀሁ። ስለ ብስክሌት ምርጫ ከእኔ በላይ የሚያውቅ በዚህ ከተማ የለም፤ ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። ጎማውንም መሪውንም ትክክል ነው የመረጥኩት፤ ዛሬም ብመርጥ ያችኑ ጥቁሯን ነው የምመርጠው። ዕቃው አልነበረም ስሕተቴ። የሚጠብቃችሁ ሰው ካለ፣ እባካችሁ፣ በየትኛዋም ሂዱ። ጎማው ይፈንዳ። መንገድ ላይ ውደቁ። በእግራችሁም ቢሆን ሂዱ። ፊቱን የሚያዞርባችሁን ሰውም ቶሎ አትቀየሙት፤ ምን ይዞላችሁ እንደቆመ አታውቁትም።

ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ወደዚያ እሄድ ነበር። ዝናቡ አዲስ ድንጋይ ያወጣል፤ እሱን እለቅማለሁ። የእታለም ቤት ከፈረሰ ቆይቷል፤ መንደሩም ወደ ታች ወርዷል፤ በዚያ ሸንተረር የሚያልፍ ሰው የለም። አንድ ዓመት አንድ መንገደኛ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ «አባባ፣ ለማን ነው የሚጠርጉት? እንግዳ ይመጣል?» አለኝ።

«አይ፣ የሚመጣ የለም» አልኩትና መልቀሜን ቀጠልኩ።